የዳልሜ ብቸኛ ተማሪ

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሐመልማል የምትታይበት ጊዜ ነበር። ቦታዋ ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት፣ የተዘጋ ፋርማሲ በረንዳ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ነው። እዚያ ሆና መጽሐፍ ማንበብ ትችላለች፤ ስልኳን መነካካት ትችላለች፤ ሲበርዳት ተነስታ ወዲያ ወዲህ ማለት ትችላለች። የማይፈቀደው ፊትን መሸፈን ብቻ ነው። በኮሪያ ባሕር ዳር ያለችው የዳልሜ ከተማ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንድ በአንድ ያልፋሉ። አንዳንዱ ቆም ብሎ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ዕቃ አተኩሮ ያያታል። አንዳንዱ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ያላየ መስሎ እያየ፣ በፊቷ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ እጇ ላይ ያለው አምባር አንዴ ንዝር ይልና ግማሽ ክሬዲት ይመዘገብላታል። የትምህርቱ ስም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ነው። ተማሪው ግን ከየትም አገር ይምጣ «መታየት» ነበር የሚለው።

ከኮምቦልቻ የመጣችው በሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላት ነው። መልማዮቹ ትምህርት ቤታቸው ድረስ መጥተው ነበር። የሒሳብ ፈተና ፈተኗቸው፤ ጤናቸውን መረመሩ፤ በመጨረሻም አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ እያስገቡ እንዲስቁ ጠየቋቸውና ሳቃቸውን ቀረጹ። ስምምነቱ የወጣት ልውውጥ ይባላል። ልውውጥ ይባል እንጂ ከወዲያ ወደ ወዲህ የመጣ አንድም ተማሪ አይታወቅም። ኮሪያ የምትልከው ወጣት አልነበራትም።

የኮምቦልቻው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ሰባት ሰው ይኖርበታል። አባቷ አቶ ጥጋቡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ማሽኑ ጆሯቸውን ስላደከመው ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ሐመልማል ከታናሽ እህቷ ከትርሲት ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምትተኛው፤ ትርሲት እንቅልፍ ሲወስዳት እግሯን አንስታ እህቷ ሆድ ላይ ትጭናለች። ዳልሜ ስትመጣ ግን የዶርሟ ሦስተኛ ፎቅ አርባ ክፍል አለው፤ የሚኖርበት እሷ ብቻ ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራሚላ የምትባል የኔፓል ልጅ ተጨመረች። አመሻሽ ላይ የአርባውም ክፍል መብራት በራሱ ይበራል። ከታች፣ ከከተማው ሆነው ሲያዩት ሕንፃው ሰው የሞላው ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐመልማል ለእህቷ ቦታ ትታ፣ የአልጋውን ጥግ ይዛ ነበር የምትተኛው።

የምታጠናው ውሃ ማጣራት ነው። ኮምቦልቻ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚፈስ ስትመለስ ሥራ እንደማታጣ ታውቃለች። ሌላም ነገር ነበር። ታላቅ እህት ትምህርቷን ካጠናቀቀች ታናሿ ያለ ፈተና በእሷ ቦታ ትገባለች። ትርሲት በሒሳብ ደካማ ናት፤ በሌላ በር የምትገባበት መንገድ አልነበራትም። ስለዚህ ሐመልማል ሰባት ሴሚስተር ጨርሳ አንድ ሲቀራት፣ ያ የቀራት ሴሚስተር የሁለት ሰው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው እንዳይዘጋ ያደረገው አንድ ሰው ነው። የአገሩ ሕግ፣ በመጋቢት የምዝገባ ቀን ቢያንስ አንድ የአገሩ ተወላጅ ያልተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ይዘጋል ይላል። ሕጉ ሲወጣ ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሁን በዳልሜ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የልውውጥ ተማሪዎችና አንድ ተወላጅ ነበሩ። ተወላጁ ሁዋንግ ሴሁን ይባላል። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፤ የአራት ዓመቱን ትምህርት ከጀመረ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። የቀረው አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፤ ስታቲስቲክስ።

ሴሁን ሲያስል ከጤና ጣቢያው ይደወልለታል። ከውትድርና በልዩ ደብዳቤ ነፃ ሆኗል። አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል አውቶቡሱ ይጠብቀዋል። ገበያ ሲወጣ አሮጊቶቹ ከየሱቃቸው ብቅ እያሉ በሁለት እጃቸው ፍራፍሬ ያቀብሉታል፤ ተሸክሞት የሚገባውን አንድ ሰው በልቶ አይጨርሰውም። በየዓመቱ መጋቢት ላይ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት «የአገራችን ተማሪዎች ይነሱ» ሲባል ብድግ የሚለው እሱ ብቻ ነው። ወላጆቹ ድሮ ወደ ዋና ከተማው ሄደው በዚያው ስለቀሩ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አያቱ የከተማው ሊቀመንበር ናቸው፤ ሐመልማል በልቧ አባባ ትላቸዋለች።

በስታቲስቲክስ በየዓመቱ ለምን እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን የለም። ተማሪዎቹ በካፍቴሪያ ሰልፍ ላይ ቅድሚያ ይሰጡታል። አመሰግናለሁ ያለው ሰው አልነበረም፤ ማመስገን ነገሩን በስሙ መጥራት ይሆን ነበር።

የስታቲስቲክስ መምህርቷ ፕሮፌሰር ናም በሰባተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ፣ በመስከረም፣ ያንኑ ትምህርት የምትወስደውን ሐመልማልን ጠርተው የሴሁን የጥናት ጓደኛ እንድትሆን መደቧት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲገናኙ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሐመልማል የገባት ነገር ሰውየው ከእሷ የበለጠ እንደሚያውቅ ነው። ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱ ገብቶታል፤ አንዳንዴ እሷ ስትሳሳት አንገቱን ደፍቶ በእርሳሱ ጫፍ ቦታውን ነካ ያደርግላታል። ስለዚህ ደብተሩን ይዘጉና ስለ ኮምቦልቻ ይጠይቃታል።

የሚጠይቃት ነገር ሌላ ሰው የሚጠይቀው ዓይነት አልነበረም። ስለ ተራራውና ስለ አየሩ አይጠይቅም። ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አራት ሰው ሲቀመጥ ማን እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠይቃል። ሰልፍ ሲረዝም ሰዎች ምን እንደሚያወሩ ይጠይቃል። አንድ ቀን የማያውቃት ሰው ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ብዙ ጊዜ፣ አለችው። አንዲት እናት ከደሴ ጀምሮ ትከሻዋን ተንተርሰው እንዴት እንደተኙ፣ መውረጃዋ ሲደርስ ልትቀሰቅሳቸው አፍራ እስከ መናኸሪያው አልፋ እንደሄደች አወራችለት። በሳምንቱ ያንኑ ታሪክ እንድትደግምለት ለመናት፤ ደገመችለት።

እሱ ደግሞ የዳልሜን ያሳያታል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከተዘጋው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ናፈቀን ስላሉ የሚከፈት ቅጂ ነው። አንድ ሐሙስ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሴሁን ቆመና፣ ሲቀረጽ ትምህርት ቤቱ ስድስት ተማሪ ብቻ እንደነበረው፣ በኋላ ድምፃቸውን ደራርበው ሁለት መቶ ልጅ እንዳስመሰሉት ነገራት። «ያ የሚስቀው እኔ ነኝ» አላት። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ ጥግ ሌላ ሳቅ ተሰማ። «ያም እኔ ነኝ።»

የቀሩት አምስት ልጆች የት እንዳሉ አልጠየቀችውም። ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን ፀጉሯን ሁለት ጊዜ እንደምታበጥር ያስተዋለችላት ፕራሚላ ናት።

የታኅሣሥ ፈተና ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲወጡ ሴሁን ሁሉንም እንደሠራ ነገራት፤ ድምፁ ውስጥ የሆነ መቁነጥነጥ ነበረበት። ዘንድሮ ካለፈ ሌጎስ ለሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያመለክት፣ አርባ ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት ከተማ መንገድ ላይ ቆሞ ማንም ሳያየው መዋል እንደሚፈልግ በአንድ ትንፋሽ አወራ። ሐመልማል ማለፉ ለእሷና ለሌሎቹ ምን ማለት እንደሆነ እያወቀች፣ ደስታው ላይ ውሃ መቸለስ አቅቷት ዝም አለች።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ማለፊያው ስልሳ ነው።

ያን ቀን ሴሁን ለማንም ያልነገረውን ነገራት። ስታቲስቲክስን በተፈተነባቸው የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ወረቀቱን ባዶ ያስረከበው ራሱ ነበር። ማንም አላስገደደውም፤ የተማሪዎቹን ዓይን ማየት ብቻ በቂ ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን ታከተውና ሁሉንም ሠራ፤ ወደቀ። አምናም ሠራ፤ ወደቀ። ይኸው ዘንድሮም።

«አውቄ ስወድቅ ስወድቅ እውነተኛው ችሎታዬ ጠፍቶብኝ ይሆናል» አላት። «ወይም መጀመሪያውኑ አልነበረኝም።»

በጥር የዕረፍት ወር ፕሮፌሰር ናም የድሮ ወረቀቶችን በየዓመቱ እንድታደራጅላቸው ሐመልማልን ቀጠሯት። ዳልሜ እስከ ዛሬ ፈተና የሚሰጠው በወረቀት ነው። ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ የሴሁን ስድስት ወረቀቶች በአንድ ክር ታስረው አገኘቻቸው። ሦስቱ ስም ብቻ ተጽፎባቸው ባዶ ናቸው። ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር ተሠርተዋል። አናታቸው ላይ በቀይ የተጻፈ ቁጥር አለ እንጂ ውስጣቸው ላይ አንድም የእርማት ምልክት አልነበረም።

ሐመልማል ቁጭ ብላ የዘንድሮውን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምራ በራሷ እጅ ሠራችው። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የመቀነስ ምልክት ረስቷል። ዘጠና ስድስት።

ፕሮፌሰር ናም ሲገቡ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ኮታቸውን ሰቀሉ። አልተቆጡም፤ አልካዱምም። ከቴርሞሱ ትኩስ የገብስ ውሃ ለእሷም ለራሳቸውም ቀዱና ከፊቷ ተቀመጡ።

«ሦስት መቶ አሥራ አንድ ተማሪ አለኝ» አሉ። «እሱን ባሳልፈው ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ወደየቤታቸው እመልሳለሁ። ስታቲስቲክስ አስተምሬሻለሁ፤ ስሌቱን አንቺው ሥሪው።»

«እሱስ ከስሌቱ ውስጥ ነው ከውጭ?» አለቻቸው።

ፕሮፌሰሯ ብርጭቋቸውን አነሱና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡ።

«የምትጨርሺው መቼ ነው?»

«ሰኔ ላይ።»

«እንግዲያው የምለምንሽ እስከ ሰኔ ብቻ ነው» አሉ። ድምፃቸው የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር፤ ሐመልማልን የከበዳትም እሱ ነው። ቢያስፈራሯት ይቀላት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አለች። ቀኖቹን ቆጥራቸዋለች። በመሐል ቤት ደወለች። ትርሲት ስልኩን ተቀብላ በኮሪያኛ ሰላም አለቻት፤ አነጋገሯ ጥሩ ነበር። ማታ ማታ ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታ እንደምትለማመድ፣ በፋብሪካው ካፍቴሪያ አብረዋት የሚሠሩ ጓደኞቿ «ኮሪያዋ» እያሉ እንደሚጠሯት እየሳቀች አወራቻት። እናቷ ከኋላ ሆነው፣ ይህች ልጅ ዛሬም ግድግዳውን ተጠግታ ነው የምትተኛው፣ ያንቺን ቦታ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ብለው ጮሁ። ሐመልማል ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሴሁን ጋ ላለመሄድ ምክንያት ደረደረች። አምስት ወር ምንም አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው አምስት ወር ቢጨምር ምን ይሆናል? ደግሞ ከምክንያቶቹ ሥር ለራሷም ያልነገረችው ሌላ ነበር፤ እስከ ሰኔ ስንት ማክሰኞና ስንት ሐሙስ እንደሚቀር ታውቅ ነበር።

በሃያኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሴሁን ቤተ መጻሕፍት መጥቶ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ከተዘጋው ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት አላት። ከዚህ ብንጀምርስ ብሎ ጠየቃት። ምናልባት የሆነ ቦታ፣ ልጅ ሆኖ፣ ሳይገባው ያለፈው ነገር ይኖር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ሠርቶ መጥቶ ነበር። ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ ሃምሳ ስድስት። ዘጠኝ ሲባዛ በስድስት፣ ሃምሳ አራት። ቁጥሮቹ እንደ ልጅ ጽሑፍ ተጠንቅቀው የተጻፉ ናቸው። «እስቲ እይልኝ፤ ልክ ነኝ?» አላት፤ ቀልዱን አልነበረም።

ሐመልማል ገጹን አየችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሣጥኑን፣ ክሩን፣ ባዶዎቹንና የተሠሩትን ወረቀቶች፣ ፕሮፌሰሯ ያሉትን፣ እሷ ዝም ያለችውን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳይቀር ነገረችው።

ሴሁን መጽሐፉን ዘጋው። ውጭ በረዶ ይጥል ነበር።

«ስንት ነበር ያመጣሁት?»

«ዘጠና ስድስት።»

«አራቱስ?»

«የመቀነስ ምልክት ረስተሃል።»

ሳቀ። ቅጂው ላይ ካለው ጋር የማይመሳሰል፣ የጎረነነና አጭር ሳቅ ነው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል የጠየቃት እሷ የፈራችውን ነው።

«አንቺ የምትጨርሺው ሰኔ ላይ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ሱጃን የሚባል ልጅ ነበር፤ እሱም ሰኔ ላይ ነበር የሚጨርሰው። ጠበቅሁት። ከእሱ በኋላ ሊን የምትባል የቬትናም ልጅ ታኅሣሥ ላይ ትጨርስ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ኦዲያምቦ መጣ፤ አገሩ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች።» ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ ነበር የሚቆጥራቸው። «ሁልጊዜ አንድ ሴሚስተር የቀረው ሰው አለ፣ ሐመልማል። ለእነሱ ስጠብቅ ከብዶኝ ነበር። ላንቺ ግን ብጠብቅ አይከብደኝም።»

ስለ ልቡ ከነገራት ሁሉ የቀረበው ቃል ይህ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከዚህ አልፎ የተናገረው የለም። ሐመልማል ጠብቀኝ ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አምስት ወር። ትርሲት። የውሃው ሥራ። ማክሰኞና ሐሙስ። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ይቀመጥላታል። ነገር ግን ከእሷ በኋላ ደግሞ ፕራሚላም በተራዋ አንድ ሴሚስተር የሚቀራት ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ከፕራሚላ በኋላም ሌላ። ሰውየውም ሠላሳ ይሞላዋል፤ ሠላሳ አምስት ይሞላዋል፤ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ይዞራል።

«ለእኔ አትጠብቅ» አለችው።

በማግስቱ ፈተናዎቹ እንደገና እንዲታረሙ አቤቱታ አስገባ። ወረቀቶቹ ተጠርተው በሌላ ከተማ ታረሙ። ሦስት ሳምንት ወሰደ፤ ማለፉ ተረጋገጠ። ፕሮፌሰር ናም ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ጠረጴዛቸውን ሲያጸዱ ሐመልማል ልትረዳቸው ሄደች፤ የገብስ ውሃ ቀዱላት።

ካምፓሱ ወሬውን የሰማው በአንድ ቀን ነው። በካፍቴሪያ ሐመልማል የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። ዶርም ውስጥ ፕራሚላ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ስባ አወጣች፤ ምን መክተት እንዳለባት ግራ ገብቷት ከፍታ ተወችው። «አንቺ ሰባት ሴሚስተር ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለቻት። «እኔ ሦስት ነው ያለኝ። ሦስት ምን ይባላል? ለአባቴ ምን ብዬ ነው የማሳየው?» ሐመልማል ይቅርታ አለቻት። ፕራሚላ ይቅርታውን አልተቀበለችም፤ ግን ያን ቀን ማታ እንደ ወትሮው ሩዝ ለሁለት ቀቀለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሐመልማል እንደ ሁልጊዜው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ክሬዲቱ ከእንግዲህ ለምንም አይረባትም፤ ሆኖም የት እንደምትሄድ አላወቀችም። የሴሁን አያት መንገዱን ተሻግረው መጡ። ሰማኒያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ቆመው አዩዋት። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ማንም የዳልሜ ሰው ያላደረገውን አደረጉ፤ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው የዓሣ ገበያውን ሲያዩ ቆዩ። ከአሥራ ሁለቱ ሱቆች የተከፈቱት ሦስት ናቸው።

«ሰው ሁሉ አያቱ ነው ያስቀረው ይላል» አሉ። «እኔ ተቀመጥ ብዬው አላውቅም። ሂድ አላልኩትም እንጂ።» ከዚያ፣ «ሂድ ማለት እንዴት ነው የሚባለው? ያንቺ አባት እንዴት አሉሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

ሐመልማል አባቷ መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዋን ተሸክመው እንደሸኟት፣ ሞተሩ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል የተናገሩትን በጫጫታው እንዳልሰማችው ነገረቻቸው። ደግመው እንዲናገሩላት ብትጮህም እሳቸውም አልሰሟትም። እስከ ዛሬ ምን እንዳሏት አታውቅም፤ በስልክ መጠየቅም አፍራለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አምባሯ እስኪነዝር አብረዋት ተቀመጡ። ከዚያ ተነስተው ሄዱ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ግን፣ ሴሁን እንደነገራት፣ አቤቱታው ከገባ ጀምሮ አልተነጋገሩም ነበር። አብረው ይበላሉ፤ ሽማግሌው ዓሣውን ከአጥንቱ ለይተው ሳህኑ ላይ ያስቀምጡለታል፤ ቃል ግን የለም።

ሴሁን በየካቲት መጨረሻ ተመረቀ። አዳራሹ ስድስት መቶ ወንበር ነበረው፤ ሞላ። ከተማው በሙሉ ጥቁር ልብስ ለብሶ መጣ። ስሙ ተጠርቶ ወደ መድረኩ ሲወጣ መጀመሪያ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ከዓሣ ገበያ የመጡ አንዲት አሮጊት ጀመሩ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ሲጀመር እንደዘገየ ሁሉ ሲያበቃም ዘገየ። ጭብጨባው ሲቆም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የመዝጊያውን ደብዳቤ አነበቡ። አንድ ገጽ አይሞላም።

ሐመልማል ሰባት ሴሚስተር የሚል ወረቀት ተሰጣት። ቤት ደወለች። እናቷ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ፣ የምትገቢው በየትኛው ቀን ነው ብለው ብቻ ጠየቋት። ትርሲትን አቅርቡልኝ አለች። ከኋላ ሹክሹክታ ተሰማ፤ እናቷም ተኝታለች አሏት። ኮምቦልቻ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

መጋቢት ስምንት ቀን ጧት ስድስት አውቶቡሶች በካምፓሱ በር ተሰለፉ። ሐመልማልና ሴሁን ስድስተኛው ላይ ተሳፈሩ። ፕራሚላ ከፊታቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ ሴሁን ማመልከቻው ተቀባይነት ወዳገኘበት ወደ ሌጎስ፣ እሷ ወደ አዲስ አበባ ይለያያሉ። በበረራዎቹ መካከል ሁለት ሰዓት እንዳለ ሁለቱም አይተው ነበር፤ ሁለቱም አላነሱትም። ሴሁን ጧት ሲነሳ አያቱን ቤት እንዳላገኛቸው ነገራት። ቁርሱ ተሠርቶ፣ ሳህን ተከድኖበት ጠረጴዛው ላይ ነበር። በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ ወጣ።

አውቶቡሶቹ ከከተማው ወጥተው ወደ ዳገቱ መታጠፊያ ሲቃረቡ ከታች ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ድምፅ ማጉያው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ነው፤ ማዕበል ሲመጣና ሰው ሲሞት ካልሆነ አይናገርም። ሾፌሩ፣ እሳቸውም ሰባውን የዘለሉ ሰው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ማን ሞተ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ።

የተሰማው የሽማግሌው ድምፅ ነው። ስም እየጠሩ ነበር። ስም፣ ከዚያ አገር። ስም፣ ከዚያ አገር። ንባባቸው እየተንገዳገደ፣ ያልለመዱትን ስም እየሰበሩ፣ ግን አንዱንም ሳይዘሉ ያነባሉ። የፊተኛው አውቶቡስ መታጠፊያው ላይ ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። የእነሱም ሾፌር ፍሬን ይዘው ሞተሩን አጠፉ። «ይጨርሱ» አሉ፤ ሌላ አላሉም።

በሩ ተከፈተ። ከባሕሩ በኩል ብርድ ገባ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። አንዳንዱ አቤት ይላል፤ አንዳንዱ ይስቃል፤ አንድ የሩዋንዳ ልጅ ተነስቶ ቆመና መልሶ ተቀመጠ። «ፕራሚላ ታማንግ። ኔፓል።» ፕራሚላ ግንባሯን የፊት ወንበሩ ላይ ደፋች። ሐመልማል እጇን ሰደደችላት፤ ፕራሚላ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

የሚነበበው በአገሩ ፊደል ተራ ነው። በእነሱ ፊደል የ«ሀ» ድምፅ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሐመልማል ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት በስም ጥሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነበረች፤ ጧት አርፍዳ የመጣች ቀን ስሟ ያልፋት ነበር። አሁን ሦስት መቶ አሥር ስም ጠበቀች። ከሩብ ሰዓት በላይ ሆነ። የሽማግሌው ድምፅ እየጎረነነ መጥቷል፤ አንዴ አቁመው ውሃ ሲጠጡ ከተማውን ሞልቶ ተሰማ።

«ሃ… ሜል… ማል። ኢትዮጵያ።»

አቤት አለች፤ በአማርኛ።

የወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ። ሾፌሩ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ። ተማሪው ሁሉ ያበቃ መስሎት መስኮቱን መዝጋት ጀመረ። ድምፅ ማጉያው ግን አልተዘጋም ነበር። ውስጡ ሰው ይተነፍሳል።

«ሁዋንግ ሴሁን።»

አጠገቧ ሴሁን ቀና አለ። ከየስሙ ቀጥሎ አገር ይጠራ ነበርና ሁሉም ጠበቀ። ከታች የባሕሩ ድምፅ ይሰማል።

«ዳልሜ» አሉ ሽማግሌው።

ድምፅ ማጉያው ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሾፌሩ የሚቀጥል ስም ካለ ብለው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሱ።